የክረምት ንባብ ይቅር ላሉት መምህር

ሰሞኑን በሐዋሳ መምህራን መካከል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። ርዕሱ «በክረምት ልጆቹን ተዉአቸው» ይላል። የጻፉት ረጅም ዘመን ያስተማሩ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሰኔ ላይ የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ንባብና ጽሑፍ ይቅር ነው የሚሉት። ምክንያታቸው በአጭሩ ይህ ነው። ሐሳቡ ከውጭ የተቀዳ ነው። ልጆቹ በክረምት ሥራ አለባቸው። መጽሐፍ የለም። ግራመር ያልያዘ ልጅ መጽሐፍ አይገባውም፤ ይልቅ ሁለት ወር የግራመር ኮርስ ቢገባ ይሻለዋል። ያልታረመ ጽሑፍ ስህተትን ያደነድናል። የ12ኛ ክፍል ፈተና የምርጫ ጥያቄ ስለሆነ መጻፍ አይጠየቅም። በመጨረሻም፣ ልጆቹ ለማርክ ሲሉ እርስ በርስ ይኮራረጃሉ።

እኔም እዚሁ ሐዋሳ 9ኛና 10ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መምህሩ ለልጆቹ አዝነው እንደጻፉት ያስታውቃል። አንዳንዱን ነጥብ እቀበለዋለሁ። ግን ጽሑፉን አንብበው «እውነት ነው፣ ዘንድሮስ ይቅር» ያሉ ባልደረቦች አሉኝ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከመጨረሻው ነጥብ ልጀምር፤ ከመኮራረጁ። ለዚህ እኔው ራሴ ምስክር ነኝ። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ ክፍል ሙሉ አንድ ረጅም ልብ ወለድ አዘዝኩ። ሁሉም ያንኑ መጽሐፍ አንብበው አሥር ገጽ ሰመሪ እንዲያመጡ፣ ከ20 ማርክ እንዲያዝላቸው። መስከረም ላይ ደብተሮቹን ስገልጥ የብዙዎቹ ሰመሪ አንድ ዓይነት ነበር። የዋናው ባለታሪክ ስም እንኳ በአንድ ዓይነት የስፔሊንግ ስህተት ነው የተጻፈው። አንዱ ከኢንተርኔት ገልብጧል፣ የቀሩት ከእሱ ገልብጠዋል። ያን ቀን በጣም ተናድጄ ነበር። ሲበርድልኝ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባኝ። መጽሐፉ ከአቅማቸው በላይ ነበር። እነሱም አልመረጡትም። ማርኩ ደግሞ አናታቸው ላይ ቆሟል። ምን ያድርጉ?

ከዚያ ወዲህ ለክረምት ሥራ ማርክ ሰጥቼ አላውቅም። ሰመሪም አላዝም። መምህሩ «ይቅር» ያሉት ይህንን ከሆነ እሱስ ይቅር፤ አብሬያቸው እፈርማለሁ። እኔ የምከራከርለት ሌላ ነው። ልጁ ራሱ የመረጠው ቀላል መጽሐፍ፣ በቀን ሩብ ሰዓት። ከዚያ በደብተር ላይ አምስት ዓረፍተ ነገር። በቃ።

«ከውጭ የተቀዳ ነው» ለሚለው ብዙ አልቆይም። ልጆች በክረምት የተማሩትን ያጣሉ የሚለው ጥናት የውጭ መሆኑ እውነት ነው። ተመራማሪው ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ በ1996 እ.ኤ.አ. የቀደሙትን ጥናቶች ሰብስበው፣ የአሜሪካ ተማሪዎች በረጅሙ እረፍት በአማካይ የአንድ ወር ያህል ትምህርት ያጣሉ ብለው ነበር። በኋላ እዚያው አገር ይህን ውጤት የተጠራጠሩ ተመራማሪዎች ተነስተዋል። ስለዚህ በዚያ ቁጥር አልሟገትም። የእኛ ልጅ ጉዳይ የተለየ ነው። አሜሪካዊው ልጅ ክረምቱን ሙሉ መጽሐፍ ባይነካ እንኳ እንግሊዝኛው ቤቱ ውስጥ ነው፣ ሱቁ ውስጥ ነው። የሐዋሳ ልጅ ቤቱ ሲዳሙ አፎ ወይም ወላይትኛ ይናገራል፣ ሰፈር ሲወጣ አማርኛ። የትምህርት ቤቱ በር ሲዘጋ እንግሊዝኛውም አብሮ ይዘጋል። ከሐምሌ መግቢያ እስከ መስከረም አሥር ሳምንት ገደማ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሳያነብ የሚከርም ልጅ አለ። መስከረም ላይ ደግሞ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም ታሪኩም በዚሁ ቋንቋ ይጠብቁታል።

ከሁሉም የከበደኝ ነጥብ የሥራው ነው። «ልጆቹ በክረምት ሥራ አለባቸው» ይላሉ መምህሩ። አዎ፣ አለባቸው። ሰኔ ላይ ክፍል ገብቼ «ክረምቱን የት ነው የምትከርሙት?» ብዬ ስጠይቅ እጅ የሚያወጣው ብዙ ነው። አንዱ አጎቱ ጋራዥ ባጃጅ ያጥባል። አንዷ የእናቷን ሱቅ ትጠብቃለች። አንዱ ሊስትሮ ነው። ገጠር የሚሄዱም አሉ፤ ወደ ይርጋለም፣ ወደ አለታ ወንዶ፣ ቡና ወዳላቸው ዘመዶች። እነዚህን ልጆች «ሦስት ሰዓት ቁጭ ብላችሁ አንብቡ» ማለት ግፍ ነው።

ግን መምህር፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር አልገባኝም። ልጆቹ ሥራ ስላለባቸው ማንበብ አይችሉም አሉን። ሁለት አንቀጽ ወረድ ብለው ደግሞ የሁለት ወር የግራመር ኮርስ ይግቡ አሉ። ኮርስ ሰዓት አይፈልግም? ገንዘብስ? ሊስትሮ የሚሠራው ልጅ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኮርስ ክፍል ሊቀመጥ አይችልም። ያን ጊዜ ነው ደንበኛ የሚመጣው። ዝናብ ሲጥል ግን በረንዳ ሥር ይጠለላል። መጽሐፉ ኪሱ ውስጥ ካለ ዝናቡ እስኪያባራ ሁለት ገጽ ያነባል። ኮርሱ አቅም ላለው ልጅ ነው። ደሃው ልጅ የሚደርስበት ግን መጽሐፉ ነው።

ሥራው ራሱ ደግሞ የጽሑፍ ጥሬ ዕቃ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ክረምቱን አያቱ ጋ አለታ ወንዶ ሄደ። ደብተሩን መስከረም ላይ ሲያመጣልኝ አራት ገጽ ሙሉ የጻፈው ስለ እንሰት ነው። አያቱና የጎረቤት ሴቶች የእንሰቱን ግንድ ሳንቃ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ ሲፍቁ፣ የተፋቀውን ጉድጓድ ውስጥ ሲቀብሩ፣ በኋላ ከዚያው ዋሳ (ቆጮ) ጋግረው ሲያበሉት። የመፋቂያውን እንግሊዝኛ ስም ፈልጎ አጣ። መዝገበ ቃላት ውስጥ የለማ! ምን አደረገ? ስሙን አያቱ እንደሚጠሩት በሲዳሙ አፎ ጻፈውና ቀጥሎ በሁለት መስመር ምን እንደሚመስልና እንዴት እንደሚያዝ አስረዳ። እኔ አንድ ወር ሙሉ ዕቃን መግለጽ ባስተምር ይህን ያህል አይመጣልኝም ነበር። ይህ ልጅ ክፍል ውስጥ «ስለ ራስህ አንድ አንቀጽ ጻፍ» ሲባል ሦስት መስመር ጽፎ የሚቀመጥ ልጅ ነው።

መጽሐፍ የለም ለሚለው። የለም ማለት ይከብዳል። አለ፣ ግን ተቆልፎበታል። በብዙ ትምህርት ቤት ላይብረሪው ውስጥ በእርዳታ የመጡ ቀላል የእንግሊዝኛ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣሉ። ሰኔ ላይ ላይብረሪው ይዘጋል። ልጁ መጽሐፍ ለማንበብ ጊዜ የሚያገኘው መጽሐፉ በሚቆለፍበት ወር ነው። ለምን እንደሚቆለፍ ማንም ያውቃል። መጽሐፉ በላይብረሪ ሠራተኛዋ ስም የተመዘገበ ንብረት ነው። ቢጠፋ ተጠያቂዋ እሷ ናት፣ ከደመወዟ ሊቆረጥ ይችላል። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እቆልፍ ነበር። ስለዚህ ላይብረሪያኗን ከመውቀስ ሸክሙን መጋራት ነው። እኛ ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። የእንግሊዝኛ ክፍሉ መምህራን አንድ ካርቶን መጽሐፍ በስማችን ፈርመን ወሰድን። ልጆቹ ደግሞ በወላጅ ፊርማ ከእኛ ወሰዱ። መስከረም ላይ ሦስት መጽሐፍ ሳይመለስ ቀረ። አዋጥተን ተካን። ለሦስት መጽሐፍ ብሎ አንድ ካርቶን ሙሉ መቆለፍ አያዋጣም።

ስልክ ያለው ልጅ ደግሞ በቴሌግራም ፒዲኤፍ ያወርዳል፤ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መማሪያ መጽሐፍ በበቂ ሳይታተም ሲቀር በዚሁ መንገድ ነው የተማሩት። የመጪው ዓመት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ራሱ ምንባብ የሞላበት ነው። ኢትዮጵያን ሄራልድ ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚታተም ጋዜጣ ነው፤ ያለፈ ሳምንት እትም ቢሆንስ ምን አለበት? ጠንከር ላሉት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምን «ዘ አፈርሳታ» እሰጣለሁ። በ1969 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የታተመ የአገራችን ልብ ወለድ ነው። አንድ ጎጆ ይቃጠላል፤ ያቃጠለውን ለማወቅ መንደሩ አፈርሳታ (ጥፋተኛን የሚያወጣ የአገር ሸንጎ) ይቀመጣል። ልጆቹ ታሪኩን ሲያነቡ ቃሉ ቢከብዳቸው እንኳ ነገሩ አይጠፋቸውም፤ ሽማግሌዎቹን ያውቋቸዋል።

የመጽሐፍ በእጅ መኖር ብቻውን ምን እንደሚሠራ አንድ ጥናት ልጥቀስ። ሪቻርድ አሊንግተንና አን ማክጊል-ፍራንዘን በአሜሪካ ፍሎሪዳ ለደሃ ቤተሰብ ልጆች በየክረምቱ 12 መጽሐፍ ሰጡ፤ ለሦስት ክረምት። መጽሐፎቹን ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የመረጡት። መጽሐፍ ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ ንባባቸው ተሽሎ ተገኘ። ልጆቹ የአንደኛ ደረጃ ናቸው፣ ቋንቋው ቋንቋቸው ነው፤ ስለዚህ እንዳለ ወደ እኛ አልገለብጠውም። «ራሳቸው የመረጡት» የሚለውን ግን እወስደዋለሁ። በእኔም ክፍል ያየሁት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ግራመሩ። «ግራመር ያልያዘ ልጅ መጽሐፍ አይገባውም፤ መጀመሪያ ግራመር።» ይህን ነጥብ ከልቤ እቃወመዋለሁ። የ9ኛ ክፍል ልጅ እንግሊዝኛን እንደ ትምህርት ስንት ዓመት ተማረ? ስምንት ዓመት። በስምንት ዓመት ውስጥ ቴንሶቹን ስንት ጊዜ ከሰሌዳ ገለበጠ? አክቲቭና ፓሲቭን ስንት ጊዜ? ሕጉን ጠይቁት፣ እንደ ውዳሴ ማርያም ያወርድላችኋል። አንድ ገጽ እንዲያነብ ስጡት፣ ይደናቀፋል። የጎደለው ሕግ አይደለም። ቋንቋውን በብዛት አላገኘውም።

በፊጂ ደሴቶች የተደረገውን ጥናት መምህሩ ያውቁት ይሆናል። ዋርዊክ ኤሊና ፍራንሲስ ማንጉባይ በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ የገጠር ልጆች ናቸው፤ እንደኛው። ለየክፍሉ 250 ያህል የታሪክ መጽሐፍ ገባ። ልጆቹ አነበቡ፣ መምህራኑ አነበቡላቸው። ንባባቸውና የማዳመጥ ችሎታቸው ከተለመደው እጥፍ በሆነ ፍጥነት አደገ። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ጥቅሙ ወደ ሌላው ችሎታ ተሻገረ፤ ጽሑፉና ሰዋስዉ ሳይቀር ተሻሻለ። መጀመሪያ ግራመር፣ ቀጥሎ ንባብ የሚለው ቅደም ተከተል እዚያ አልሠራም። ንባቡ ግራመሩን ይዞት መጣ።

መምህሩ ግን አንድ እውነት ነክተዋል። ከባድ መጽሐፍ የተሰጠው ልጅ በእርግጥም አይገባውም። ስለዚህ ቀላል መስጠት ነው! ልጆቼን በጣት ነው የማስለካቸው። መሀል ላይ አንድ ገጽ ግለጥ። ያላወቅኸው ቃል በመጣ ቁጥር አንድ ጣት እጠፍ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣት ከታጠፈ መጽሐፉን መልሰህ ሌላ ውሰድ። ይህ ዝም ብሎ ጨዋታ አይደለም። የቃላት ተመራማሪዎች ያለ አጋዥ ለማንበብ ከገጹ ቃል 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ ያስፈልጋል ይላሉ። 250 ቃል ባለው ገጽ ላይ ያልታወቀው አምስት ቃል መሆኑ ነው። ለጀማሪ ተብለው በደረጃ የሚዘጋጁ መጻሕፍት ያሉት ለዚህ ነው። ለምሳሌ ኦክስፎርድ ቡክዎርምስ የሚባሉት የመጀመሪያው ደረጃ በ400 መሠረታዊ ቃላት ነው የሚጻፈው፤ ስድስተኛው 2,500 ይደርሳል። የ10ኛ ክፍል ልጅ በመጀመሪያው ደረጃ ቢጀምር አያፍርም። ሁለት ቀን ላይ ጨርሶ «መምህር፣ ሌላ አለ?» ብሎ ሲመጣ ፊቱን ማየት ነው።

የፈተናውን ነጥብ በአጭሩ ልለፈው። አዎ፣ ፈተናው ምርጫ ነው። ግን ምርጫውን ለመመለስ ረጅሙን ምንባብ በሰዓት ውስጥ ማንበብ አለ። የሌላው ትምህርት ጥያቄም የሚነበበው በእንግሊዝኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉን በእንግሊዝኛ አላሳብብም። ነገር ግን ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ ደወል የተደወለበት ልጅ ምን ያህል እንደሆነ ፈታኝ ሆኖ የቆመ ሁሉ ያውቃል። ያለፈውም ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በመጀመሪያው ዓመት አንቀጽና ድርሰት ጻፍ ይባላል። ያን ጊዜ ምርጫ የለም።

የቀረኝ የእርማቱ ጉዳይ ነው። «መምህር ሳያርመው የሚጻፍ ጽሑፍ ስህተትን ያደነድናል» ይላሉ። በአስተማሪ ጆሮ ጥሩ ይሰማል። ግን እንቁጠረው። እኔ አምስት ሴክሽን አለኝ፣ በየክፍሉ 60 ያህል ልጅ። 300 ደብተር ነው። አንዱን በሦስት ደቂቃ ባርም 15 ሰዓት ይፈጃል፣ ለአንድ አንቀጽ ብቻ። ስለዚህ በመማሪያው ወራትም ቢሆን እየታረመ አይደለም። ልጁ የሚጽፈው ሲታረም ብቻ ይሁን ካልን፣ ልጁ አይጽፍም ማለታችን ነው። ቀይ እስክሪብቶው ራሱ ምን ያህል እንደሚሠራም ምሁራኑ አልተስማሙም። ጆን ትረስኮት በ1996 እ.ኤ.አ. በሁለተኛ ቋንቋ ጽሑፍ ላይ የሰዋስው እርማት አይጠቅምም ብሎ ጻፈ። ዳና ፌሪስ ደግሞ ይጠቅማል ብላ መለሰችለት። ክርክሩ ብዙ ዓመት ቀጠለ። እኔ እርማት ይቅር አልልም። ልጁ መጀመሪያ የሚታረም ነገር ይኑረው ነው የምለው።

የአንዲት ልጅ ደብተር ላሳያችሁ፤ ፈቅዳልኛለች። 9ኛ ክፍልን ጨርሳ የወሰደችው ባለ 50 ቅጠል ደብተር ነው፤ ልባሱ በጋዜጣ ተሸፍኗል። የሐምሌ የመጀመሪያ ገጾች ሁላችንም የምናውቃቸው ናቸው። «አይ ዌክ አፕ። አይ ዎሽ ማይ ፌስ። አይ ኢት ብሬክፋስት።» በማግሥቱም ያው። በሦስተኛውም ቀን ያው፣ ቀኑ ብቻ ተቀይሯል። ስምንተኛው ቀን ላይ ሰለቻት መሰል፣ «ማይ ማዘር ኢዝ ሴል ኮርን» የሚል መጣ። እናቷ ፍቅር ሐይቅ መንገድ ዳር በቆሎ ጠባሽ ናት። ከዚያ ቀን በኋላ ፊት መታጠቡ ቀረ። ደብተሩ ስለ በቆሎው ሆነ። ስንት እሸት ከገበያ እንደመጣ። ከሰሉ እርጥብ ሲሆን እንዴት እንደሚያስቸግር። አንድ ደንበኛ ሦስት በልቶ የሁለት ከፍሎ መሄዱ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደግሞ ይህ አለ፤ «ዌን ኢት ሬይን፣ ማይ ማዘር ከቨር ዘ ፋየር ፈርስት፣ ዜን ኸር ሄድ።» ዝናብ ሲመጣ እናቴ መጀመሪያ እሳቱን ነው የምትሸፍነው፣ ከዚያ ራሷን።

እዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆየሁ። ሁለት ቦታ የግሱ መጨረሻ ላይ ኤስ ጎድሏል፤ አይቼዋለሁ። ቀይ እስክሪብቶም በእጄ ነበር። ግን መስከረም ላይ ደብተሮቹን ስሰበስብ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አነብና መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ እጽፋለሁ። ከልቤ ማወቅ የምፈልገውን። ለእሷ «ለምን መጀመሪያ እሳቱን?» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት። በሳምንቱ ደብተሩን መለሰችልኝ። ከጥያቄዬ ሥር እንዲህ ይላል፤ «ኢፍ ዘ ፋየር ዳይ፣ ዊ ጎ ሆም።» እሳቱ ከጠፋ ወደ ቤት ነው የምንሄደው።

ኅዳር ላይ ያችኑ ኤስ በክፍል ውስጥ አስተማርኩ። በማግሥቱ በእረፍት ሰዓት ደብተሯን ይዛ መጣች። ወደ ኋላ ተመልሳ «ሬይን»፣ «ከቨር» እና «ዳይ» ላይ በእርሳስ ጨምራቸዋለች።